«ለምን አልሞትክም» የተባለው ማንጋካ፦ ሺጌሩ ሚዙኪ (ረጅም ነው ቡናችሁን ያዙ)

ጥቁር_ቀለም
ሰላም ቤቶች። ሰሞኑን እዚህ ስለ ማንጋካ (ማንጋ ማለትም የጃፓን ኮሚክ የሚስል ሰው) ሲወራ የማየው ወይ የሀንተር ኤክስ ሀንተሩን የቶጋሺን ወገብ ህመም ነው ወይ የበርሰርኩን የሚዩራን ሞት። ሁሌ አንድ አይነት ታሪክ፣ ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ራሱን ጨረሰ፣ እኛም «ሌጀንድ» ብለን ሻማ ኢሞጂ ደረደርን። ዛሬ ተቃራኒውን ሰው ላምጣላችሁ። ሺጌሩ ሚዙኪ። ብዙዎቻችሁ ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ፣ እኛ ሰፈር የሚታየው አኒሜ ውስጥ ብዙም የለም፣ ጃፓን ግን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የማያውቀው የለም። (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ኋላ እንዳትጨቃጨቁኝ)

የቤት ስሙ ሺጌሩ ሙራ ነው፣ ማርች 8 ቀን 1922 ኦሳካ ተወለደ፣ ያደገው ግን ሳካይሚናቶ በምትባል የወደብ ከተማ ነው፣ ቶቶሪ ውስጥ፣ በጃፓን ባህር በኩል። እዛ ኖንኖንባ የሚሏት ድሃ አሮጊት ነበረች፣ እነሱ ቤት እየመጣች ትረዳለች፣ ስለ ዮካይ ያላት ወሬ ደግሞ አያልቅም። ዮካይ ያው ጭራቁም መንፈሱም ጠንቋይ ቀበሮውም ሁሉም አንድ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን እድፍ አሳይታው ይሄ ሌሊት እየመጣ ጣሪያ የሚልስ ፍጡር የተወው ነው ትለዋለች፣ ልጁም ያምናል፣ ማታ ማታ ጣሪያ እያየ ይተኛል።

ትምህርት ላይ ግን አትጠይቁኝ። ወንድሞቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ሲሮጡ ይሄ ጠግቦ ተኝቶ ይነሳል፣ ቁርሱን ረጋ ብሎ ይበላል፣ ከዛ አርፍዶ ይገባል። ስራም ሲቀጠር ያባርሩታል። ስእል ብቻ ነው የሚችለው።

1943 ለጦር ተጠራ። ጥሩምባ ነፊ አደረጉት፣ መንፋት አልቻለም፣ ቀይሩኝ እያለ ሲለምን ሰሜን ነው ደቡብ የምትፈልገው አሉት። ብርድ አይወድም፣ ደቡብ አለ። ደቡብ ለካ ራባውል ነው፣ ኒው ብሪተን የሚባለው ደሴት፣ ዛሬ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ያለው፣ ጦርነቱ የሚቀቅልበት ቦታ። እዛ ከትንሽ ጓድ ጋር ወደ ፊት ተልኮ አንድ ሌሊት የጥበቃ ተራ ደረሰው። ሲነጋጋ በመነጽር በቀቀን እያየ ጓደኞቹን የሚቀሰቅስበት ሰአት አለፈው፣ በዛው መሀል ጥቃት ደረሰ፣ የተኙት አለቁ። እሱ ባህር ገብቶ ዋኝቶ፣ ጫካ ለጫካ ተንከራቶ፣ ልብሱም ጠመንጃውም ጠፍቶ በስንት መከራ ካምፕ ደረሰ። እንኳን ተረፍክ ያለው የለም። ሌሎቹ ሲሞቱ አንተ ለምን ሸሽተህ መጣህ፣ ጠመንጃህስ የታለ ነው ያሉት። እንዲያውም በሚቀጥለው ውጊያ ቀድመህ ትሞታለህ አይነት ነገር።

ከዛ ወባ ጣለው፣ ወባው ላይ ተኝቶ እያለ አውሮፕላን ደበደባቸው፣ ግራ እጁ ሄደ። ሀኪሙ ቆረጠው። ይሄ ሰው ኋላ ላይ ሰአሊ ሆኖ የሚኖር ሰው ነው እንግዲህ።

ቀጣዩን ከስር እጽፋለሁ፣ መብራት ሳይሄድ ይሄን ልላክ

ሽሮራመን
ቆይ ቆይ፣ በቀቀን ሲያይ ነው የተረፈው??? ይሄን ሰው ፊልም ላይ ባየው ደራሲው አበዛው እላለሁ

ጥቁር_ቀለም
@ሽሮራመን ገና ምኑ ተነካ። ቁስሉ ላይ ሆኖ ካምፑ አጠገብ ያሉ የቶላይ ሰዎች መንደር መሄድ ለመደ። ሙዝ ያበሉታል ድንች ያበሉታል፣ እሱም ከሰራዊቱ ምግብ ቀንሶ ይወስድላቸዋል፣ ጳውሎ እያሉ ይጠሩት ነበር። ሌላው ወታደር በረሀብና በዱላ ሲያልቅ ይሄኛው እዛ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ጦርነቱ ሲያልቅ እዚሁ ቅር፣ መሬት እንሰጥሀለን፣ ቤት እንሰራልሀለን፣ ሚስትም እናመጣልሀለን አሉት። ሊቀር ነበር የምር። አንድ የጦር ሀኪም ነው መጀመሪያ አገርህ ገብተህ ቤተሰብህን እይ ብሎ ያስማማው። በ7 አመት እመለሳለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ሄደ።

አገሩ ሲገባ ጃፓን አመድ ሆናለች፣ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ የመድፈኛ መኮንን ነበር፣ ምርኮኛ አስገድሏል ተብሎ በጦር ወንጀል ተፈርዶበታል። ይሄ አንድ እጁን ይዞ አሳ ቸረቸረ፣ ሰው የሚጭን ሳይክል አከራየ፣ ኮቤ ውስጥ ትንሽ አፓርትመንት ይዞ ክፍል አከራየ። ሚዙኪ የሚለው ስም ራሱ ከዛ አፓርትመንት ነው የመጣው። ተከራዮቹ መሀል የካሚሺባይ ሰው ተገኘ፣ በዛው ገባበት። ካሚሺባይ የስእል ካርቶን ሳይክል ላይ ጭኖ እየዞረ፣ ለህጻናት ከረሜላ እየሸጠ፣ ካርቶኑን አንድ በአንድ እየሳበ የሚተርክ ሰው ስራ ነው። ሚዙኪ የሚስለው ካርቶኑን ነው። ቲቪ ሲመጣ ያ ስራ ሞተ። በ1957 ቶኪዮ ገባና ለኪራይ ሱቅ የሚታተም ማንጋ መሳል ጀመረ። ያን ጊዜ ሰው ማንጋ አይገዛም፣ በጥቂት የን ለአንድ ሁለት ቀን ይከራያል። ክፍያው አይጣል ነው፣ አሳታሚው ራሱ ወይ ይከስራል ወይ ይጠፋል። ያም ገበያ ደግሞ በሳምንታዊ መጽሄቶች ተገደለ። እሱ የገባበት ሁሉ ይሞታል ማለት ነው ሃሃ

የገርጂዋ
የሚስቱን ነገር ዘለልከው እኮ። ኑኖኤ ትባላለች፣ 1961 ነው የተጋቡት፣ ቤተሰብ አገናኝቷቸው በተያዩ በ5 ቀን ሰርግ! እሱ 39 ሊሞላው ነው እሷ 29። ቶኪዮ ሰአሊ ነው ተብላ ስትመጣ ቤቱ ባዶ፣ መብራት የሚቆረጥበት ጊዜ አለ፣ እሱ ግን ሌሊቱን ወረቀቱን በግራ ትከሻው ተጭኖ በቀኙ ይስላል። እሷም ስትቀመጥ ቀለም ትሞላለታለች። ደህና ብር ሲያገኙ ደግሞ ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ፣ የድሮ የጃፓን ጦር መርከብ የፕላስቲክ ሞዴል ገዝተው ሁለቱ ቁጭ ብለው ይገጣጥማሉ። እኔ እዚህ ጋ ነው የወደድኳቸው። የህይወቷን ታሪክ ራሷ ጽፋዋለች፣ የጃፓኑ ቴሌቪዥን ኤንኤችኬ 2010 ላይ የጠዋት ድራማ አደረገው፣ አገር ምድሩ ነው ያየው።

ሽሮራመን
@የገርጂዋ እኔ ሳልሰራ ብቆይ በ5ኛው ቀን ነው የምትሄደው

ጥቁር_ቀለም
ትክክል እህቴ፣ ልደርስበት ነበር። ለውጡ 1965 ላይ ነው። ኮዳንሻ የሚባለው ትልቅ አሳታሚ ለህጻናት መጽሄቱ አጭር ታሪክ ጠየቀው፣ ቲቪ ውስጥ መግባት የሚችል ልጅ ታሪክ ሰራ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለውን እቃ ገብቶ ያወጣና ይሰጣል። የድህነት ቅዠት ነው ስታዩት፣ ቤቱ ባዶ የሆነ ሰው ነው ያሰበው። የኮዳንሻን የህጻናት ማንጋ ሽልማት በላ። 43 አመቱ! አሁን አንዱ 25 ሞልቶት «አርፍጃለሁ» እያለ እዚህ ፖስት ሲያደርግ አያለሁ።

ከዛ ኪታሮ መጣ። መነሻው የድሮ የ1930ዎቹ ካሚሺባይ ነው፣ እሱ ግን 1960 ላይ ለኪራይ ማንጋ የራሱ አድርጎ ሰርቶት ነበር፣ አሁን ትልቁ መጽሄት ላይ ወጣ። ከመቃብር የተወለደ አንድ አይን ልጅ፣ አባቱ የቀረው የአይን ብሌን ብቻ ነው፣ ብሌኑ ትንሽ ገላ አብቅሎ በሻይ ሲኒ ውስጥ ገላውን ይታጠባል። ርእሱ መጀመሪያ «የመቃብሩ ኪታሮ» ነበር፣ ቲቪ ሲገባ መቃብር ለስፖንሰር አይመችም ተባለና «ጌጌጌ» ሆነ፣ ልጅ እያለ ስሙን ሺጌሩ ማለት አቅቶት ጌጌ ይል ስለነበር ነው። 1968 ቶኤይ የሚባለው ስቱዲዮ አኒሜ አደረገው፣ ከዛ ወዲህ በ71፣ በ85፣ በ96፣ በ2007 እና በ2018 እንደገና ተሰራ። በየትውልዱ አንድ ኪታሮ አለ ማለት ነው። የመዝሙሩን ግጥም የጻፈው ራሱ ነው፣ መንፈሶች ትምህርት ቤትም ፈተናም የላቸውም የሚል አለበት ሃሃ ከልጅነቱ ይዞት የመጣው ቂም

ባለመነጽሩ
እኔ ስለ ስእሉ ልግባ፣ ስራዬም ስለሆነ። ሰዎች መጀመሪያ ሲያዩት ፊቶቹ የህጻን ስእል ይመስላሉ ይላሉ፣ ክብ ራስ፣ ነጥብ አይን፣ ሁለት ጥርስ። ግን ኋላውን እዩት። ዛፉ፣ ድንጋዩ፣ የጫካው ጭለማ በነጥብ ብቻ፣ በሺ በሚቆጠር የብእር ነጥብ የተገነባ ነው፣ አንዳንዱን ፎቶ ነው ትላለህ። ቀላሉ ሰው ከባዱ አለም ውስጥ ተቀምጦ። የጦርነት ታሪኮቹ ላይ ይሄ ነገር ይገላል፣ ወታደሮቹ ኮሚክ ናቸው፣ ይቀልዳሉ፣ ይፈሳሉ (አዎ ፈስ ይወዳል ሰውየው) ከዛ ገጹን ስትገልጥ ሬሳው በእውነተኛ ዝርዝር ነው የተሳለው። ሲሞቱ ብቻ ነው ሪያል የሚሆኑት።

በነገራችን ላይ ስቱዲዮው ውስጥ ከረዱት መሀል ዮሺሃሩ ሱጌ እና ርዮይቺ ኢኬጋሚ አሉ። ሁለቱም ኋላ ራሳቸውን የቻሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ጋሮ የሚባለውን መጽሄት የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ 1964 የተጀመረው፣ ሚዙኪም ሱጌም እዛ ላይ ነበሩ።

ፋራው_ኦታኩ
ጥያቄ፣ ዮካዮቹን ከራሱ ነው የፈጠራቸው ወይስ የድሮ ናቸው?

ጥቁር_ቀለም
@ፋራው_ኦታኩ ሁለቱም ነው፣ ነገሩ የሚጥመውም እዚህ ጋ ነው። 18ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ሴኪየን ቶሪያማ የሚባል ሰአሊ ዮካዮችን በመጽሀፍ ሰብስቦ ስሏል፣ ከዛ ወስዷል። ግን አሁን ኪታሮ ላይ ታዋቂ የሆኑት፣ መንገድ የሚዘጋው ግድግዳ፣ አሸዋ የምትበትነው አሮጊት፣ እንደ ህጻን የሚያለቅሰው ሽማግሌ፣ በሰማይ የሚበረው ነጭ ጨርቅ፣ እነዚህ ኩኒዮ ያናጊታ የሚባለው የባህል ተመራማሪ ከየገጠሩ በቃል ሰብስቦ በጥቂት መስመር የጻፋቸው ናቸው፣ መልክ የላቸውም። መልክ የሰጣቸው ሚዙኪ ነው። ዛሬ ጃፓን ውስጥ ልጅ «ግድግዳውን ሳል» ብትለው የሚስለው የሚዙኪን ነው፣ የድሮ አባቶች የሳሉት እየመሰለው። የአንድ አገር ህዝብ የሚፈራውን ነገር መልክ አንድ ሰው ወሰነው። እኛ ጋ አያቶቻችን ማታ ስለ ጅብና ስለ ቡዳ ሲያወሩን እያንዳንዳችን በየጭንቅላታችን የራሳችንን ጅብ ነበር የምንስለው፣ አንድ ሰው ተነስቶ ሁላችንም የምንስማማበትን ቢስልልን እንደማለት ነው።

ጋሼ_ንባብ
ልጆች፣ እኔ በእድሜ ከናንተ ከፍ እላለሁና በካርቱኑ በኩል ብዙም አልገባበትም፣ ነገር ግን የጦርነት መጽሐፎቻቸውን አንብቤያለሁ። በ1973 ያሳተሙት ስለዚያው ኒው ብሪተን ነው፤ በክብር ሙቱ ተብሎ የታዘዘ ሻለቃ ታሪክ። ዘጠና በመቶው እውነት ነው ብለዋል ራሳቸው። ያ ዘመቻ ላይ የተረፉ ወታደሮች ነበሩ፤ የበላይ አካል «አልቀዋል» ብሎ ሪፖርት ካደረገ በኋላ ሰዎቹ በህይወት ሲገኙ ነው ችግር የሆነው፤ ሞታችኋል ተብሏልና እንደገና ሂዱና ሙቱ ተባሉ። እሳቸው መጽሐፉ ላይ ሁሉንም ይገድሏቸዋል። ቁጣው እዚያ ላይ ነው ያለው። ጀግንነት የሚባል ነገር አንድ ገጽ ላይ አታገኙም፤ ራብ፣ ጥፊ፣ አዞ፣ ተቅማጥ ነው ያለው።

ከዚያ በ1988 እና 89 የሸዋን ዘመን (የእኛን ሸዋ አይደለም፤ የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘመን በጃፓን እንዲህ ይባላል) ታሪክ በ8 ጥራዝ አወጡ። ከ1926 ጀምሮ ንጉሡ እስኪሞቱ ድረስ፤ የአገሪቱ ታሪክና የራሳቸው ህይወት ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ተራኪው ደግሞ ከኪታሮ ታሪክ ውስጥ ያ ግማሽ ዮካይ የሆነው አጭበርባሪ፣ አይጥ የሚመስለው ሰውዬ ነው። አንድ አገር ታሪኩን በአጭበርባሪ አንደበት ሲሰማ አስቡት። ጃፓን በእስያ ላይ ያደረገችውን አልሸፈኑም። የኮዳንሻን ሽልማት አግኝቶበታል። ይህን ለታሪክ ተማሪ እመክራለሁ።

ፋራው_ኦታኩ
ጋሼ እናመሰግናለን። @ጥቁር_ቀለም ግን «ተቃራኒው ሰው» ያልከው ነገር አልገባኝም፣ ሲሰራ ያደረ ሰው ነው እኮ ከላይ ያወራችሁት

ጥቁር_ቀለም
@ፋራው_ኦታኩ እየመጣሁልህ ነው። እርጅናው ላይ ስለ እንቅልፍ አጭር ማንጋ ሰርቷል። ድሮ ግብዣ ላይ ሁለቱ ትልልቅ ማንጋካዎች ኦሳሙ ቴዙካ እና ሾታሮ ኢሺኖሞሪ ስንት ሌሊት ሳንተኛ ሰራን እያሉ ሲፎካከሩ፣ እሱ ምንም ስራ ቢበዛ 10 ሰአት እተኛለሁ ይላቸዋል። ይስቁበታል። ቴዙካ በ1989 ሞተ፣ 60 አመቱ። ኢሺኖሞሪ በ1998 ሞተ፣ እሱም 60። ሚዙኪ ኖቬምበር 30 ቀን 2015 በ93 አመቱ። 91 ሆኖ አዲስ ተከታታይ ጀምሯል ቢግ ኮሚክ የሚባል መጽሄት ላይ! ደግሞ የደስታ ህጎች ብሎ የጻፋቸው ሰባት ነገሮች አሉ፣ አንዱ ስነፉ ነው የሚለው፣ አንዱ ተሰጥኦና ገቢ አይገናኙም ነው።

እኔ ይሄን ስንፍና ብቻ አድርጌ አላየውም። 22 አመቱ ላይ መንግስት ሙት አለው፣ አልሞትም ብሎ መጣ፣ ተሰደበ። ከዛ ኢንዱስትሪው ያንኑ ነገር በዴድላይን መልክ አመጣው፣ ለስራህ ሙት፣ ያኔ ትከበራለህ። ያንን ቋንቋ ከራባውል ያውቀዋል። እሱ ግን ተኛ።

ፋራው_ኦታኩ
ቆንጆ አወራህ ግን ልክ አይመስለኝም ብሮ። አንደኛ ከተረፈ ሰው ተነስተህ ህግ አታወጣም፣ 10 ሰአት ተኝቶ በ50 የሞተም አለ፣ ሲያድር ኖሮ 90 የገባም አለ። ሁለተኛ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሰውየው በሳምንት ስንት ተከታታይ ይዞ ሲቃጠል ነበር፣ አሲስታንቶቹም አብረውት። መተኛት የቻለው ታዋቂ ከሆነ በኋላ ነው፣ በዛ ላይ ባለስቱዲዮ ነው። አዲስ ገቢ ልጅ ለኤዲተሩ «እኔ 10 ሰአት እተኛለሁ» ቢል በማግስቱ ቦታው ለሌላ ነው።

የገርጂዋ
@ፋራው_ኦታኩ ሁለተኛው ላይ እውነት አለህ፣ ሚስቱም ያ ጊዜ ከድህነቱ ይልቅ ብቸኛ ያደረጋት ጊዜ እንደነበር ነው የምትለው፣ ብር መጣ ሰውየው ጠፋ። ግን ከዛ ምን አደረገ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። በ1971 ራባውል ተመለሰ። በ7 አመት ያለው ከ25 አመት በኋላ ማለት ነው፣ ግን ሄደ፣ ወዳጆቹንም አገኛቸው። ከዛ ሲመለስ ነው ስራውን የቀነሰው፣ በዝናው ጫፍ ላይ እያለ። ይሄን ስንቱ ያደርጋል? በ2003ም ደግሞ ሄዷል፣ እዛ መንገድ በስሙ ሰይመውለታል።

ባለመነጽሩ
የቴዙካን ነገር ካነሳችሁት፣ ሁለቱ ብዙም አይዋደዱም ነበር። የዮካይ ፍቅር አገሩን ሲያጥለቀልቀው ቴዙካ ቅናት ይዞት 1967 ላይ ራሱ የጭራቅ ማንጋ ጀመረ። ሚዙኪም መልሶ ሁሌ አንደኛ ካልሆንኩ ስለሚል ሰው አጭር ታሪክ ሳለ፣ ሁሉም ማን ላይ እንደሆነ ያውቃል ሃሃሃ። ቢፍ ድሮም ነበረ።

ኦሳካ_ተማሪ
እኔ ጃፓን ነው የምማረው፣ ሳካይሚናቶ ሄጄ ነበር። ልንገራችሁ ከተማው በሙሉ እሱ ነው። ከዮናጎ የሚወስደው ባቡር ኪታሮ ተስሎበታል፣ ኤርፖርቱ በኪታሮ ስም ነው፣ ከጣቢያው ጀምሮ በመንገዱ ግራና ቀኝ የነሐስ ዮካዮች ቆመዋል፣ ከ170 በላይ ናቸው አሁን፣ በ1993 ሲጀመር 23 ነበሩ። ያኔ ሀውልቶቹን ሌባ እየነቀለ ይወስዳቸው ነበር፣ ያ ዜና ሲወራ ነው ሰው ምንድነው ብሎ መምጣት የጀመረው ይባላል። እየሞተ የነበረ የአሳ ወደብ ነው፣ በጭራቅ ተነሳ። ልጆች የአይጥ ሰውየውን አፍንጫ እየነኩ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሽማግሌዎች ደግሞ የዮካዮቹን ስም በቃላቸው ይጠራሉ። በ2003 የተከፈተውን የሚዙኪን ሙዚየም በኋላ አድሰውታል ሙሉ በሙሉ። በብርዱ ወራት አትሂዱ ብቻ፣ የባህሩ ንፋስ አጥንት ይገባል።

ሽሮራመን
እሺ ተሸነፍኩ። የቱን ልጀምር? ስምንት ጥራዝ ታሪክ ካላችሁኝ ግን ቻው ነው

ጥቁር_ቀለም
@ሽሮራመን በኖንኖንባ ጀምር፣ አንድ መጽሀፍ ነው፣ የልጅነቱ ታሪክ። በ2007 አንጉሌም ፈረንሳይ ላይ የምርጥ አልበም ሽልማት ወስዷል፣ ያን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ማንጋ ነው። ከዛ ጋሼ ያሉትን የ1973ቱን፣ እሱም በእንግሊዝኛ ሲወጣ በ2012 አይዝነር የሚባለውን የአሜሪካ የኮሚክ ሽልማት አግኝቷል። ኪታሮን ከፈለግክ ከየትም ብትጀምር ለውጥ የለውም፣ እያንዳንዱ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። ሸዋን መጨረሻ ላይ፣ ያኔ አንተው ራስህ ነው የምትፈልገው።

ሽሮራመን
በ2023 የወጣ ፊልምስ አለ አይደል? እሱን ተከታታዩን ሳላይ ይገባኛል?

የገርጂዋ
ይገባሃል፣ የኪታሮ አባት ገና ሙሉ ገላ እያለው ነው ታሪኩ፣ 1956 ላይ። ሌላው ዋና ሰው ከጦርነት የተመለሰ የደም ባንክ ሰራተኛ ነው፣ ስሙን ሚዙኪ ብለውታል፣ ከላይ ጋሼ ያሉትን ካነበብክ ያ ሰውዬ ለምን እንደዛ እንደሚቆጣ ወዲያው ነው የሚገባህ። የልጆች ካርቱን ነው ብለህ ግን ትንሽ እህትህን አጠገብህ እንዳታስቀምጥ፣ ደም አለው፣ የቤተሰቡ ሚስጥርም ከደሙ የባሰ ነው። ስትጨርስ እዚሁ ጻፍ፣ ስፖይለሩን ሸፍነህ